የሦስተኛው መደብ ጥም

ሰውየው ቢላዋውን በጥርሱ ነክሶ በሆዱ ተኛና በችግኞቹ መሀል አንገቱን አሾለከ።

እሷ ከባዶ ከረጢቶች ክምር ኋላ ቁጢጥ ብላ ታየዋለች። በግራ እጁ አንዱን ችግኝ ከነከረጢቱ ብድግ ያደርጋል፤ በቀኝ እጁ ቢላዋውን ከታች ይልካል፤ ቅጭ የምትል ድምፅ ትሰማለች፤ ችግኙን መልሶ በቦታው ያቆምና ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ቅጭ። ደግሞ ቅጭ። ጥፍሩን እንደሚቆርጥ ሰው ተረጋግቶ፣ እያንጎራጎረ። ከሁሉ ያናደዳት ማንጎራጎሩ ነው። ሰው ክፉ ሲሠራ ቢያንስ ዝም ማለት አለበት።

ሦስተኛው መደብ ላይ አንድ ሺህ ሁለት መቶ የግራቪሊያ ችግኝ አለ። ሁለተኛው መደብ ላይም ያንኑ ያህል። ዘሩን አንድ በአንድ በጣቷ ጫፍ አንስታ አፈር ውስጥ የሸጎጠችው ራሷ ናት።

«እትዬ፣ ምን ሆነሽ ነው እዚህ የተወሸቅሽው?» አለች ታናሽ እህቷ፣ አፈር የሞላ ባልዲ እንዳንጠለጠለች ከኋላዋ መጥታ።

«ዝቅ በይ።»

«ጊንጥ አለ እኮ እዚህ ክምር ውስጥ።»

«ጊንጡማ እዚያ ነው ያለው። ባርኔጣ አድርጎ።»

እህቷ አንገቷን ሰገግ አድርጋ አየች። «ሥር እየቆረጠ ነው እንዴ?»

«ፀጉር እየቆረጠማ አይደለም።»

«ታዲያ ሂጂና ጠይቂው።»

«ምን ብዬ? ‹ይቅርታ ጋሼ፣ ችግኜን ሲያርዱ ደረስኩብዎት› ልበለው? እጅ ከፍንጅ ነው የምይዘው። አንቺ ዝም ብለሽ አፈርሽን ሙዪ።»

ባለ ባርኔጣው የመደብ ኃላፊ ሆኖ ከተቀጠረ ገና ወር ከሳምንቱ ነው። ከዚያ በፊት አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሠራው ከመንገዱ ማዶ፣ ዋና ተፎካካሪዋ በሆነው ሰውዬ ግቢ ውስጥ ነበር። አንድ ጠዋት በሯን አንኳክቶ «ሥራ አለ?» አላት። ማዶውን ለምን እንደተወ ብትጠይቀው «ሰለቸኝ» አለ። ከዚያ በላይ በጉጠት ቢጎትቱት ቃል አይወጣውም። አሥራ አንድ ዓመት ያልሰለቸው ሰው፣ ኮረብታ ላይ የሚተከለውን ችግኝ የማቅረብ ሥራ ለእሷ በተሰጠ በሳምንቱ ምን ነክቶት ሰለቸው? በአፏ «ጋሼ» እና «እርስዎ» ትለዋለች፤ ጢሙ ሸብቷልና። በልቧ ግን ከገባበት ቀን ጀምሮ «አንተ» እንዳለችው ነው። እሱ ደግሞ «እመቤቴ» ይላታል፣ ሠላሳ አምስት ዓመት እንኳ ያልሞላትን ሴት። አክብሮቱንም ጠረጠረችው።

እውነቱን ለመናገር እሷ የማትጠረጥረው ሰው የለም። የቆጣሪ አንባቢውን ትጠረጥራለች። ዳቦ ሻጩ ከወትሮው የተለቀ ዳቦ ከሰጣት ለምን እንደተለቀ ትጠረጥራለች። ይህ ግን ያላንዳች ምክንያት የመጣ አመል አይደለም። ከስምንተኛ ክፍል አቋርጣ፣ የተማረ ሰው ሳያግዛት፣ በጸረ ተባይ ጣሳ ላይ የተጻፈውን ሳይቀር እያነበበች፣ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች የገዛቻቸውን ሽፋን የለሽ የእርሻ መጻሕፍት በክር እየሰፋች ነው የባለ አራት መደብ ችግኝ ጣቢያ ባለቤት የሆነችው። በመንገዷ ላይ ያገኘቻቸው ሰዎች ደግሞ ወይ የሚያስተምሯት መስለው የሚንቋት፣ ወይ የሚያደንቋት መስለው ዘሯን የሚያወጡባት ነበሩ። ሰፈሩ «ዶክተሯ» ይላታል። ለክብር እንዳልሆነ ታውቃለች።

ዓምና ደግሞ ስሙ ጅራት አበቀለ። ከኮረብታው ሥር ያሉ ሰዎች ዝናብ በመጣ ቁጥር ጭቃው ከነድንጋዩ ደጃፋቸው ድረስ እየወረደ ስላስቸገራቸው፣ ኮረብታውን በዛፍ ለማሰር ተነሡ። ስምንት መቶ ችግኝ ሸጠችላቸው፤ ቁመቱ ሸንቀጥ ያለ፣ ቅጠሉ ዘይት የተቀባ የሚመስል። በአምስተኛው ሳምንት ቆሞ የተገኘው በሁለት እጅ ጣት የሚቆጠር ብቻ ሆነ። «ተክለው ረሱት» አለች እሷ። «ሲመጣም የሞተ ነበር» አሉ እነሱ። ከዚያ ወዲህ መልኩ አምሮ ጉልበት የሌለው ሁሉ «የዶክተሯ ችግኝ» ተባለ። ሙሉ ልብስ ለብሶ በገዛ ሠርጉ ቀን ፀሐይ መትቶት የወደቀ ሙሽራ እንኳ እስካሁን መጠሪያው እሱ ነው።

ዘንድሮ ተመልሰው የመጡት ወደዋት አይደለም። በአጭር ጊዜ ሁለት ሺህ አራት መቶ ችግኝ የሚያደርስ ሰው አጥተው ነው። የሰፈሩ ሰዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «አንድ ዕድል ነው ያለሽ፣ ልጄ» አሏት። «ዘንድሮም ከደረቀ እንኳን እኛ፣ በዚህ ከተማ አንድ ሰው ካንቺ የሽንኩርት ችግኝ አይገዛም። እኔ ራሴ እየዞርኩ እነግርልሻለሁ።» የሚያደርጉትም ሴት ናቸው።

እንግዲህ ርክክቡ አሥር ቀን ሲቀረው ነው ባለ ባርኔጣውን ከነቢላዋው ያየችው።

በማግስቱ የሁለቱን መደቦች ጥላ መረብ ገፍፎ ጠቅልሎ አስቀመጠው። በዚያው ቀን ወደ ሁለቱ መደቦች የሚሄደውን ቧንቧ ዘጋው። ፊት ለፊት ልትጋፈጠው አልፈለገችም፤ ስለዚህ በዘወርዋራ ሄደችበት።

«ጋሼ፣ ውሃ ጠፋ እንዴ ዛሬ?»

«አልጠፋም፣ እመቤቴ።»

«እህ።»

«አዎ።»

ይኸው ነው። አዎ ብሎ ዞሮ ሄደ። ከእንዲህ ያለ ሰውዬ ጋር መጣላት እንኳ አይቻልም፤ የሚያዝ ነገር አይሰጥም።

ቀትር ላይ ለምሳ ሲወጣ ጠብቃ ሮጣ ወደ መደቦቹ ሄደች። መደቡ አረንጓዴ አልነበረም። የግራቪሊያ ቅጠል ጀርባው ብርማ ነው፤ አሁን ቅጠሉ ሁሉ ጠርዙን ጠቅልሎ፣ አንገቱን ሰብሮ፣ ያንን ብርማ ጀርባውን ወደ ፀሐይ ገልብጦ ተዝለፍልፏል። አንድ ሺህ ሁለት መቶ ችግኝ እዚህ፣ አንድ ሺህ ሁለት መቶ እዚያ፣ እንደ ሸበተ ራስ ነጣ ብሎ።

«ጨረሰኝ» አለች።

ቧንቧውን ብትከፍት ያውቅባታል። ስለዚህ ከጓሮ የሚመጣውን ጎማ ሳበች። ጎማው የሚደርሰው ግን ሁለተኛው መደብ ድረስ ብቻ ነው። ለሦስተኛው በባልዲ መመላለስ ሊኖርባት ነው፤ በባልዲ ከሄደች ደግሞ መንገዱ ላይ የሚፈሰው ውሃ ዱካዋን ይናገራል። አንዱን መደብ ማዳን ሁለቱንም ከማጣት ይሻላል ብላ ቆረጠች። ቅጠሉ እንዳይረጥብ ጎማውን ወደ መሬት አስጠግታ እያንዳንዱን ከረጢት አጠጣች፤ የረጠበውን ጠርዝ በደረቅ አፈር ሸፈነች፤ ጎማውን እንደነበረው ጠመጠመች። ሲመለስ የብርቱካን ችግኝ ቅጠል ስትጠርግ አገኛት።

እንዲህ ሆና ዘጠኝ ቀን አጠጣች። ቀትር በመጣ ቁጥር ሌባ ሆነች፣ በገዛ ግቢዋ፣ የገዛ ውሃዋን። ሁለተኛው መደብ ቀን በቀን አማረ፤ ለመለመ፤ ተመዘዘ። ሦስተኛው ቀትር በቀትር ይሸብታል። ቁመቱ ባለበት ቀረ፤ አዲስ ያወጣው ቅጠል አነሰ፤ ግንዱ ቀይ ሆነ። በየቀኑ ሳትፈልግ ዓይኗ እዚያ ያርፋል፤ «ይቅር በሉኝ» ትልና ዓይኗን ትመልሳለች።

በአምስተኛው ቀን ባለ ባርኔጣው ከማዶው ሰውዬ ጋር አጥር ተደግፎ ሲያወራ አየችው። የማዶው ሰውዬ ሳቀ። በስድስተኛው ቀን ደግሞ ባለ ባርኔጣው ሁለተኛው መደብ አጠገብ ቆሞ ራሱን ሲያክ፣ አፈሩን ሲዳብስ፣ ግራ ቀኙን ሲቃኝ ደረሰችበት። «አልሞትልህ አሉ፣ አይደል?» አለች በልቧ፣ ደስ እያላት።

የርክክቡ ቀን ማክሰኞ ነበር። መምህርቷ ሦስት ሰዓት ላይ ከጭነት መኪና ጋር ይመጣሉ። እሷ ግን ከዚያ በፊት የምትጨርሰው ጉዳይ ስላላት ገና ጎህ ሲቀድ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ግቢው ደረሰች። የምትለውን ሌሊቱን ሙሉ ስታጠናው አድራለች። «ጋሼ፣ የላከዎትን ሰው ሰላም ይበሉልኝ» ብሎ ይጀምራል። የሚያልቅበትም ያምራል።

ባለ ባርኔጣው ቀድሟት ሦስተኛው መደብ ጫፍ ላይ ተንበርክኳል።

«ጋሼ፣» አለች፣ «የላከዎትን ሰው…»

ቀጥሎ ያለው ጠፋባት። ሦስተኛው መደብ ቆሟል። አንድም የተዝለፈለፈ የለም። ቅጠሉ ተዘርግቶ፣ ጥቅልሉ ተፈትቶ፣ ብርማው ጀርባ ወደ ታች ተመልሶ፣ መደቡ ከዳር እስከ ዳር ጥቁር አረንጓዴ ነው። ይህ በቀትር ያየችው መደብ ነው ብሎ የሚምል አይገኝም።

«አጠጡት?» አለች።

«ምን በወጣኝ፣ እመቤቴ። ዘጠኝ ቀኑ ውሃ ከተዘጋበት። አንድ ጊዜ ብቻ ነው በመሀል እፍኝ እፍኝ ያቀመስኩት።»

«ቀትር ላይ ሞቶ ነበር። በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ቀትር ላይማ እኔም እሞታለሁ» አለና ተነሣ፤ በአንድ ወር ከሳምንት ውስጥ ካፉ ከሰማችው ሁሉ የበለጠውን በአንድ ትንፋሽ ተናገረ። «ችግኝ በቀትር አይጠየቅም። በቀትር ቅጠሉን የሚገለብጠው ውሃውን ላለመጨረስ ነው፤ እርስዎ ፀሐይ ሲመታዎት ነጠላዎን አናትዎ ላይ እንደሚጥሉት። ጠዋት ነው የሚታየው። ሌሊቱን አርፎ ጎህ ሲቀድ ካልቀና፣ ያኔ አበቃለት ማለት ነው። እኔ በየማለዳው ነው የማያቸው። አንድም ማለዳ ሳይቀና አልቀረም።»

ከመደቡ አንድ ችግኝ አነሣና ከረጢቱን በቢላዋው ሰንጥቆ ገለጠላት። አፈሩ አልተበተነም። ነጫጭ ሥሮች፣ ቀጫጭን፣ ስፍር ቁጥር የሌላቸው፣ ዙሪያውን እንደ መረብ ይዘውታል።

«ከከረጢቱ በታች ሾልኮ መሬት የገባውን ዋናውን ሥር ስቆርጥበት ደንግጦ በየጎኑ አወጣ። ውሃ ስነሳው ደግሞ ውሃ ፍለጋ በያቅጣጫው ሄደ። ቁመት አቁሞ ሥር ላይ ዋለ። ግንዱን ይያዙት።»

ያዘችው። እንደ ሽቦ ነው። ቅጠሉን በጣቶቿ መሀል ዳበሰችው፤ ወፈር፣ ሻከር ብሏል፤ ከዚያ ዘይት ከተቀባ መልኩ ምንም የለበትም። ካነበበችው የጸረ ተባይ ጣሳ ጀምሮ ይቺን ነገር የነገራት አንድም ጽሑፍ አልነበረም፤ ወይም ነግሯት አላየችውም። ደግሞ እሷ ሦስተኛውን መደብ ያየችው ሁልጊዜ በምሳ ሰዓት ነው። ሁልጊዜ እሱ ሲወጣ። አንድም ቀን በማለዳ አልመጣችም።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ነግሬዎት ነበር። በተቀጠርኩ በሁለተኛው ቀን። ‹እነዚህ ከመሄዳቸው በፊት ትንሽ መቸገር አለባቸው› ብል፣ ‹ጋሼ፣ እኔ የቀጠርኩት ሠራተኛ ነው፣ አስተማሪ አይደለም› አሉኝ።»

ብላለች። ቃል በቃል ብላለች። እንዲያውም በዚያ መልሷ ቀኑን ሙሉ ኮርታበት ነበር።

«ማዶውን የተውኩትም በዚሁ ነው» አለ ባለ ባርኔጣው። «ሰውየው ለዓይን ነው የሚያሳድገው። በውሃ ነፍቶ ይሸጥና ገዢው ሲያለቅስ ይስቃል። ሰለቸኝ። ባለፈው እንኳ የተውኩትን ቦት ጫማ ስጠኝ ስለው፣ ‹ዶክተሯ ጋ በባዶ እግርህ ነው የምትሠራው?› ብሎ ሳቀብኝ።»

እጇን ከችግኙ አነሣች። በዚያ ላይ ሰውየው ገና አልጨረሰም። ወደ ሁለተኛው መደብ ሄዶ ጣቱን ከአንዱ ከረጢት አፈር ውስጥ ሰካና አውጥቶ አሳያት፤ ጭቃ።

«እኔን የገደለኝ ግን ይሄ ነው። እንደዚያኛው ነው የያዝኩት። ሥሩን ቆርጬ፣ መረቡን ገፍፌ፣ ውሃውን ዘግቼ። በየቀኑ ርጥብ ነው። ይዩት፣ ስንዝር ተመዟል፤ ግንዱ ግን የጎመን ግንድ ነው። ኮረብታው ላይ ሦስት ቀን አያድርም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሰው እየገባ ያጠጣዋል፣ እመቤቴ።»

«ማ… ማን?»

«የማዶው ሰውዬ ነዋ። ወይ ራሱ፣ ወይ ሰው ልኮ። ጎማችን በየቀኑ አጠማመሙ ይለያል። ዱካውን በአፈር ይሸፍናል፣ ተንኮለኛ። ዛሬ ምሳ አልወጣም። ከዚያ ከከረጢቱ ክምር ኋላ እጠብቀዋለሁ።»

«እዚያ ጊንጥ አለ» አለች።

ሦስት ሰዓት ሲሆን መኪናው በሩ ላይ ጡሩምባውን ነፋ። መምህርቷ ጃንጥላቸውን እንደ ከዘራ እየተመረኮዙ ገቡ፤ ማንንም ሳያዩ በቀጥታ ወደ ችግኞቹ ሄዱ። ፀሐይዋ መክረር ጀምራለች። ሦስተኛው መደብ ጠርዝ ጠርዙን መጠቅለል፣ እዚህም እዚያም መንጣት ይዟል። ሁለተኛው በሌሊት ርጥበቱ ገና ያብለጨልጫል።

«የቱ ነው የእኛ?»

«ይሄ ነው፣ ቲቸር» አለች ሦስተኛውን እያሳየች።

መምህርቷ መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ይሄ የተኮራመተው?»

«አልተኮራመተም። ራሱን እየጠበቀ ነው።»

«ከማን?»

«ከፀሐይ።»

«ኮረብታው ላይ ያለችው ሌላ ፀሐይ ናት?» አሉና በጃንጥላቸው ጫፍ ወደ ሁለተኛው መደብ ጠቆሙ። «እነዚያስ የማን ናቸው?»

«አልደረሱም እነሱ።»

«ከእነዚህ ስንዝር ይበልጣሉ፣ አልደረሱም?» ወደ እሷ ዞሩ። ሠላሳ ዓመት የተማሪ ውሸት የሰማ ፊት ነው። «ልጄ፣ ዓምና የሞተ ሰጠሽኝ። ዘንድሮ ደግሞ የታመመውን ልታሸክሚኝ፣ ደህናውን ለሌላ ሰው ልታስቀሪ ነው። ለማን ነው የደበቅሽው?»

እህቷ እጅጌዋን ሳብ አድርጋ በጆሮዋ አንሾካሾከች፤ «እትዬ፣ ምን አስጨነቀሽ? የመረጡትን ስጫቸው። በደስታ ጭነው ይሂዱ። ከደረቀም ‹እርስዎ ነዎት የመረጡት› ትያቸዋለሽ።»

ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ቃሏን የሚያስተባብል ማንም የለም። የመረጡት ራሳቸው ናቸው፤ ሰው ፊት ነው የመረጡት። ከወር በኋላ ኮረብታው ሲራቆት እሷ ንጹሕ፣ ባለ ባርኔጣው የጠረጠረው የማዶው ሰውዬ እርጉም ይሆናል። መኪናው አፉን ከፍቶ ቆሟል። «አዎ» ብቻ ነው የቀረው።

ባለ ባርኔጣው ጉሮሮውን ጠረገ። «እነዚያ አይሆኑም፣ እናቴ። ውሃ ለምደዋል።»

«ቆይ እስቲ» አሉ መምህርቷ። «ግቢው አንድ። ቧንቧው አንድ። አጠጪው አንተ አንድ። ታዲያ እንዴት ሆኖ ነው አንዱ መደብ ውሃ ለምዶ ጎረቤቱ ያልለመደው?»

ባለ ባርኔጣው የሚመልሰውን እያመነታ ወደ መንገዱ ማዶ አየ። ሊናገር ነው። አፉን ከፈተ።

«እኔ ነኝ» አለች እሷ።

ሁሉም ዞሩ።

«እኔ ነኝ ያጠጣሁት። ዘጠኝ ቀን፣ በምሳ ሰዓት፣ ተደብቄ። ጋሼ ችግኜን ሊያደርቁብኝ የተላኩ መስሎኝ። ጎማው ሦስተኛው መደብ ቢደርስ ኖሮ እሱንም አበላሸው ነበር።»

እህቷ ባልዲዋን መሬት አስቀመጠች። ባለ ባርኔጣው ባርኔጣውን አወለቀ፤ ራሱ በራ መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያወቀችው።

«እኔን?» አለ።

«እርስዎን።»

«ማነው የላከኝ?»

«ማዶ ነዋ።»

ባርኔጣውን በእጁ አገላበጠ። «እኔ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ያንን ሰውዬ ስረግም ነው የከረምኩት። ሄጄ ይቅርታ ልጠይቀው ይሆን?»

«ይተዉት። እርግማኑ ለሌላ ጊዜ ያገለግለዋል።»

ሳቀ፤ ሲስቅ ግን አላያትም። መሬት መሬቱን ነበር የሚያየው፤ ያ ከስድብ በላይ ቆጠቆጣት። ለሰው ይቅርታ የሚባል ነገር ጠይቃ ስለማታውቅ ከየት እንደሚጀመር ጠፋባት።

መምህርቷ አልሳቁም። «ይህንንስ ተማክራችሁ የደረሳችሁት ድራማ ቢሆን በምን አውቃለሁ? ዓምናም ምላስሽ አልደከመም ነበር።»

«አያውቁም» አለች። «እኔም በእርስዎ ቦታ ብሆን አላምንም። የምትከሉት መቼ ነው?»

«እሑድ። ሰፈሩ ሁሉ የሚወጣው እሑድ ነው።»

«እንግዲያው ከየመደቡ ሦስት ሦስት ይውሰዱ። ደጃፍዎ ላይ፣ ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ ይደርድሯቸው። ጠብታ ውሃ አይስጧቸው። በቀትር አይዩዋቸው፤ ያታልላሉ። በማለዳ ይዩዋቸው። ቅዳሜ ጠዋት የቆመው ከየትኛው መደብ እንደሆነ ይንገሩኝ፣ እሱን ይጫኑ። አንዱም ካልቆመ ማዶ ይሻገሩ፤ እኔም የግቢውን በር እዘጋለሁ።»

«እና እኔ ባዶዬን ልመለስ ነው?» አለ ሾፌሩ ከመኪናው መስኮት።

«አንተ ዝም በል» አሉት መምህርቷና ወደ እሷ ተመለሱ። ሲያስቡ ጃንጥላቸው መሬቱን ይወጋል። «ከሦስተኛው መደብ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ብቻ ነው ያለሽ። እኛ የጠየቅነው ሁለት ሺህ አራት መቶ ነው።»

«የቀሩትን እንደ አዲስ ጠንክረው ሲወጡ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ አመጣለሁ። በራሴ መኪና። ጋሼ በቃችሁ ሲሏቸው።» ይህን ስትል ባለ ባርኔጣው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት።

«እሺ» አሉ መምህርቷ። «ስድስት ችግኝ አምጪ።»

እጇ ሳታዝዘው ወደ ሦስተኛው መደብ ሄደ። መደቡን እንደ እጇ መዳፍ ነው የምታውቀው። ከሁለተኛው ረድፍ መሀል ያሉት አውራዎቹ ናቸው፤ ወፍራሞች፣ ቢረግጧቸው የማይሰበሩ። በግድግዳው በኩል ጥግ ላይ ያሉት ደግሞ ዘግይተው የበቀሉ፣ አፈራቸው ያነሰ፣ እሷ ራሷ የምትሳሳላቸው ደካሞች። ጣቷ ከአውራዎቹ አንዱ ላይ ሊያርፍ ምንም አልቀረውም።

«ጠንካራ ጠንካራውን ለይተሽ ልትሰጪኝ ነው እንግዲህ» አሉ መምህርቷ ከኋላዋ።

እጇን መለሰች።

«እርስዎ ይምረጡ» አለችና ለመምህርቷም፣ ለመደቦቹም ጀርባዋን ሰጥታ በሩን እያየች ቆመች።

የጃንጥላው ጫፍ ኰረት እየነካ ሲያልፍ ሰማች። በሁለተኛው ረድፍ አልቆመም። ወደ ግድግዳው ሄደ። ጥጉ ላይ ቆመ። የከረጢት ኮሽታ ሰማች፤ አንድ፤ ከዚያ ሌላ። ዓይኗን ከበሩ አልነቀለችም።

እህቷ ወደ ጎኗ ጠጋ አለች። «እትዬ፣ የትኛዎቹን እንደያዙ እያየሁ ነው። ልንገርሽ?»

«አትንገሪኝ» አለች።